ከፍለን አረምን

የእህቴ ልጅ ጀርመን ያለች ጓደኛዋ የላከችላትን ቪዲዮ አሳየችን። መንገድ ዳር የአበባ ማሳ አለ። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ቢላዋ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል፣ አጠገቡ የገንዘብ ሳጥን አለ። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ የፈለገውን ይቆርጣል፣ ሂሳቡን ከሳጥኑ ከቶ ይሄዳል። እናቴ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አስደግማ አየችና "ባለቤቱ ሞቶ ነው?" አለች። ኧረ የለም፣ ቤቱ ነው አልናት። "እና እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ቡና ጠጡ አይልም? ይቺ አገር አለቀላት።"

ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። "እኛስ ምን አነሰን?" አለች። ይቺን ቃል ስሰማ እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብሳል።

እርግጥ አበባ አላነሰንም። አገራችን አበባ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ግን ያ አበባ ከኛ ጋር አይተዋወቅም። ላስቲክ ቤት ውስጥ ያድጋል፣ ገና በእምቡጡ ይቆረጣል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ፣ ከዚያ ሆላንድ። ፓስፖርት ከኔ ቀድሞ ነው ያገኘው። እኛ የምናውቀው አበባ የሰርግ መኪና ላይ የሚታሰረውን ነው፤ እሱም ከሩቅ ነው አበባ የሚመስል፣ ቀረብ ሲሉት ፕላስቲክ ነው።

ደግነቱ ወሩ መስከረም ነበር። አደይ አበባ ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያጠጣው ጎጃምን ቢጫ የሚያለብስበት ወር። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው ያደገችው፤ ልጅ ሆና ለዘመን መለወጫ ከእኩዮቿ ጋር እንግጫ ስትነቅል፣ ከአደይ ጋር ስትጎነጉን አድጋለች፤ ያኔ ሳንቲም የጠየቃት የለም። አሁን ግን ካልተከፈለበት አልጣፈጣትም።

መራዊ አካባቢ የሚያርሱ አጎት አሉኝ። የእህቴ ልጅ ደወለችላቸው።

"አያ፣ የቢሮ ጓደኞቼን ይዤ አበባ ልንለቅም ልንመጣ ነው። በሰው 200 ብር እንከፍላለን።"

"ምን አበባ?"

"አደይ።"

"ጤፉ ውስጥ ያለውን?"

"አዎ።"

ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎን ነበር። ቆይተው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሁሉንም?" አሉ።

እሁድ ጠዋት አስራ አንድ ሆነን ሚኒባስ ተከራየን። ቤታችን ባህር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ስለሆነ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ መሻገር ነበረብን። 380 ሜትር ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ከዚያ በቡድን ፎቶ መነሳት ነበረበታ። ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ እሱም ተነሳ።

ስንደርስ ባለቤቴ ነጭ በነጭ ናት፣ በእጇ ከቡና ረከቦቷ ስር ያነሳችው ስፌት። አንዷ የቢሮ ልጅ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ መጥታ ገና ከሚኒባሱ እንደወረደች ቀዩ ጭቃ ውስጥ ተተከለች። ነቅለን አወጣናት። የቀኑ የመጀመሪያ ነቀላ እሷ ነበረች።

የአጎቴ ሚስት ከደጃፍ ሆነው ሲያዩን ደነገጡ። "ደቦ ጠርተሃል እንዴ? ጠላ እኮ አልጠመቅሁም!" ብለው ባላቸው ላይ ተቆጡ። አጎቴ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጤፍ የሚታረመው በዚህ ወቅት ነው፤ ጎንበስ ብለህ አንድ በአንድ እየነቀልክ፣ ወገብህ ለሁለት እስኪቆረጥ። ደቦ ቢጠሩ ጠላ ይጠመቃል፣ እንጀራ ይጋገራል። ወንፈል ቢሉ የሰው ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። እኛ ግን ከፍለን ነው የመጣነው፣ ሳንዱቻችንንም ራሳችን ይዘን።

እጃችንን ዘረጋን። አንዷ አናቱን ቀጠፍ ልታደርግ ስትል አጎቴ ሮጡ።

"ኧረ በሥላሴ! ከነሥሩ ነው የሚነቀል፤ አለዚያማ ቶሎ ይጠወልግባችኋል።"

የሚመለከታቸው ባለሙያ ናቸውና ሰማናቸው። ከዚያ "ረድፍ ያዙ፣ ጤፉን እንዳትረግጡ" መጣ። ከዚያ "ያቺ ቢጫ ያላወጣችውም ነገ ታብባለች፣ እሷንም ውሰዷት" መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄድን። ጎንበስ ያለው ያርማል፣ ቀና ያለው ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶ የተነሳው "አላማርኩም" ብሎ እንደገና ጎንበስ ይላል። አጎቴ ድንበሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው "አይዟችሁ፣ ወደዚህ ጥግ ደግሞ በጣም የሚያምር አለ" ይላሉ።

አንድ ብቻ ችግር ተፈጠረ። ከቢሮ የመጣ ጎረምሳ አበባው ብቻውን ደረቅ ሲልበት ለማጀቢያ ብሎ አረንጓዴ ሣር ሲጨምርበት ቆይቶ ኖሯል። ሣሩ ጤፍ ነው። አጎቴ እቅፉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ "የዚህ ሂሳብ ለብቻ ነው" አሉ።

2,200 ብር በቴሌብር ገባላቸው። ጀርመኑ በሳጥን ያምናል፤ አጎቴ መልእክቱ እስኪገባ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፣ ለልጃቸው አስነበቡ፣ አንዴ ደግሞ አስነበቡ፣ ከዚያ መረቁን።

አበባው ባህር ዳር ሳይደርስ አንገቱን ደፋ። ከነሥሩ ነው የነቀልነው፣ ልብ በሉ። እኔም ወገቤን ይዤ ገባሁ። እናቴ ስፌቱን ከፍታ አየች። "አረም ምን ይሠራልሃል?" አለችኝ። የተከፈለውን አልነገርኳትም፤ ግፊቷ ጥሩ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን ለጠፈቻቸው። የት ነው፣ ስንት ነው፣ እኛንም ውሰዱን ባዩ በዛ። በሳምንቱ ሌላ ሚኒባስ ሄዶ የጎረቤታቸውን ማሳ አጽድቶ መጣ። አጎቴ ለጎረቤቱ በምን ሂሳብ እንዳገናኟቸው አልጠየቅኩም።

ትናንት ማታ ራሳቸው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ በርበሬው እየቀላ ነው። ለቀማው ጥቅምት መጨረሻ ይሆናል። ቀይ ለፎቶ ያምራል አይደል?"

"ስንት ነው?"

"ለእናንተ ዘመድ ስለሆናችሁ 150።"

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታለች መሰለኝ። "ነጭ ልልበስ ወይስ ጥቁር?" ትላለች።