ጥሩምባ ነፊው ለምን ይከፈለዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ አራት ሆነን ቡና እየጠጣን ነበር። ዌብሳይት የሚሠራው ወዳጃችን ላፕቶፑን ከፍቶ ዌብሳይት የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ የጃንጎን አዲስ ቨርዥን እያወረደ ነው። "ይሄ ሁሉ እኮ በነፃ ነው" አለን። የሒሳብ ባለሙያዋ ጓደኛችን ወዲያው ያዘችው።

"በነፃ ከሆነ የጃንጎ ፋውንዴሽን የሚሰበስበው ገንዘብ የት ይገባል?"

ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ፣ ካንሳስ ባለ አንድ ጋዜጣ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። በ2008 የጃንጎ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ስሙንም የሚጠብቀው እሱ ነው። ኮዱን የሚጽፉት ግን በአብዛኛው በየሀገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

"ፋውንዴሽን ስም ይጠብቅ፣ ባንክ ሒሳብ ይክፈት፣ በቃ" አለ ወዳጃችን። "አንዱ ተከፍሎት ሌላው በነፃ ከሠራ ነገ ማን ይመጣል? አፓቼን እዪ፤ እሱም ነፃ ሶፍትዌር ያወጣል፤ ፋውንዴሽኑ ግን ኮድ ለመጻፍ ለማንም አይከፍልም።"

"ባንክ ሒሳቡም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልህ" አለችው። "ልገሳው በአንድ ሰው ስም ቢገባ ግብሩ የሱ ነው። ቢሞት ገንዘቡ ለልጆቹ ነው።"

እኔ የ2021ን ዲሴምበር አነሳሁ። ፕሮግራሞች የሠሩትን በሚመዘግቡበት የአፓቼ ሶፍትዌር፣ ሎግፎርጄ ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲርበተበቱ፣ ሌት ተቀን ሲደፍኑት የነበሩት በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ጥቂት ፈቃደኞች ነበሩ። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው ሶፍትዌርም እንደዚያው ነበር። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲወጣ፣ ስንቱ ዌብሳይት ሚስጥሩን የሚጠብቅበት ፕሮጀክት በዓመት በልገሳ የሚያገኘው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር።

"እሱ ድንገተኛ ነገር ነው" ብሎ አለፈኝ።

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው።

"የኛ እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ድንኳኑን የሚተክለው ጎረቤት ነው። እንክፈልህ ብትለው ይቀየምሃል።"

"አዩ ጋሼ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ጥሩምባ ነፊው ግን ደሞዝተኛ ነው። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ ውሻ እየተከተለው ሰፈር የሚዞር ፈቃደኛ አጣን። በተራ እናድርገው ብለንም ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ቀብር ሳይነገር ቀረ።"

ጃንጎ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ፋውንዴሽኑ "ፌሎው" የሚባሉ ሰዎችን ከፍሎ ማሠራት ከጀመረ አስር ዓመት አልፎታል። ዋና ሥራቸው አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። የስህተት ሪፖርት ያጣራሉ፤ የተደጋገመውን ይለያሉ። ሌላው የላከውን ኮድ መስመር በመስመር ያነባሉ። የደህንነት ጥቆማ ይከታተላሉ፤ ቨርዥኑን በቀኑ ያወጣሉ።

ወዳጃችን አንድ ጊዜ ትንሽ ማስተካከያ ልኮ ተቀብለውታል። እስከ ዛሬ ይኮራበታል። "ያኔ ኮዱን የሚፈትሽ ቴስት ጎድሎታል፣ ይሄን ጨምር ብሎ የጻፈልህ ማን ነበር?" አልኩት። ገጹን ፈልጎ ከፈተ። ስሙን አየና ቀና አለ። "ፌሎው ነው" አለ።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ድንኳን ተካይ አይጠፋም፤ አዲስ ነገር መጻፍ ደስ ይላል፣ ስምም ያስጠራል። የሰው ኮድ ማንበብ ግን ያደክማል፣ የሚያመሰግንም የለም። ስም ጠብቆ ሒሳብ ከፍቶ የሚቀመጥ ፋውንዴሽን ይህን ሸክም ለደከመው ሰው ትቶታል ማለት ነው። ደሞዙን መሸፈን ያለብን ደግሞ በሶፍትዌሩ እንጀራ የምንበላው ነን። ከዚህ ሀገር ዶላር መላክ ጣጣው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ወዳጃችን ግን ውጭ ያለ ደንበኛ አለው፤ ክፍያውም በዶላር ነው። በየወሩ ትንሽም ብትሆን ለፋውንዴሽኑ እንዲያደርግ ለመንኩት።

ከዚህ ወር ጀምሮ እልካለሁ ብሎኛል።