ዳል ያልጻፈውን በዳል ስም አትሽጡልን

ፐፊን የተባለው አሳታሚ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሮአልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት፣ ያስቀይማሉ የተባሉ ቃላትን ላለስልስ ብሎ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ለዋወጣቸው። ጩኸቱ ሲበረታበት ደግሞ ማስታረቂያ ይዞ መጣ፦ የድሮውንም አዲሱንም አሳትማለሁ፣ አንባቢ ይምረጥ። የሰባት ዓመት ልጅ በምን አውቆ ነው የሚመርጠው? የተገዛለትን ያነባል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም በሁለቱም ያው ነው።

የለውጡ ደጋፊዎች «ዳል ራሱም ለውጧል» ይሉናል። «ቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካው» በተባለው መጽሐፉ የፋብሪካው ሠራተኞች በ1964ቱ እትም ከአፍሪካ የመጡ ፒግሚዎች፣ ማለትም ቁመታቸው አጭር የሆነ የጫካ ሰዎች ነበሩ። ተቃውሞ ሲነሣ በ1973 ቀየራቸው። ማን ቀየራቸው? እሱ! በሕይወት እያለ፣ በገዛ እጁ። በ1990 የሞተን ሰው አሁን ማን ጠይቆ አስፈቀደው?

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የተጨመረው ነገር ነው። «ጠንቋዮቹ» በተባለው የዳል ልብ ወለድ ሴት ጠንቋዮቹ መላጣ ስለሆኑ ዊግ ያደርጋሉ። አዲሱ እትም እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይመክረናል፦ ሴቶች ዊግ የሚያደርጉበት ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፣ ነውርም የለበትም። ምክሩ ልክ ነው። ግን ዳል አልጻፈውም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር በሟች አፍ ማስገባት እርማት አይባልም፣ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። የሌላውን መጽሐፉን ባለታሪክ፣ መጽሐፍ ወዳዷን ትንሽ ልጅ ማቲልዳንም አልተዉአትም። በእንግሊዛዊው ደራሲ በኪፕሊንግ መጽሐፍ በምናቧ ሕንድ ትሄድ የነበረችውን ልጅ በአሜሪካዊው ደራሲ በስታይንቤክ ካሊፎርኒያ ላኳት። ያገኘችውን ሁሉ በማንበቧ የምንወዳት ልጅ፣ የምታነበውን አሳታሚ ይመርጥላት ጀመር!

በዳል መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ክፉ ትልልቅ ሰዎች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ዳል በሦስት ዓመቱ እህቱንና አባቱን በሳምንታት ልዩነት አጣ። በዘጠኝ ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ የዚያን ዘመን ግርፋት እስኪያረጅ አልረሳም። በ1962 የሰባት ዓመት ልጁን ኦሊቪያን ኩፍኝ ገደለበት። ስለ ደጉ ግዙፍ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለእሷ ሰጠ። ይህ ሰው ዓለም ለልጆች ጨካኝ እንደሆነች ያውቃል፣ ልጆችም ያምኑታል። ለስላሳ አድርጋችሁ ስታቀርቡት የምታጠፉት ይህንኑ እምነት ነው።

ስለ አይሁድ የተናገረው አጸያፊ ነው፤ ቤተሰቡም በ2020 ይቅርታ ጠይቋል። ታዲያ የዊጉ ምክር ለዚያ ምን ይፈይዳል?

አዲስ ተረት ካማራችሁ በራሳችሁ ስም ጻፉ። የዳልን ከነካካችሁ ግን ሽፋኑ ላይ በትልቁ «በአሳታሚው የተለወጠ» በሉ፤ የሚገዛው ወላጅ አይቶ ይግዛ።