ሞምባሳ ከማን ጋር?

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለና «ሞምባሳ ልሄድ ነው፤ ምን ይታያል?» አለኝ። «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» አልኩት። ዝም አለ። «ምን አገናኘው?» ማለቱ ነው። ያልሄደበት ሰው እንዲህ ነው። እኔ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ከተማዋ እዚያው ደሴቷ ላይ ነበረች። ባሕሩም ያው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ያየሁት ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከጓደኞቼ ጋር ነው። አምስት ነበርን። ከናይሮቢ በባቡር ወረድን። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር ነው፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጻቮ የተባለውን ፓርክ አቋርጦ ሲያልፍ ዝሆን በመስኮት ይታያል። እኛ ካርታ እየተጫወትን ነው። አንዱ ጓደኛችን «ዝሆን!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ምንም የለም። ለካ ካርታችንን ሊያይ ነው። ሁለተኛ «ዝሆን!» ሲል ማንም አልዞረም። ያኔ ግን እውነቱን ነበር፤ ከጎናችን ያሉ ሰዎች ፎቶ ሲያነሱ አየን።

ባሕሩ ዳር ደርሰን ጫማችንን አወለቅን። ውኃው ሸሽቶ አሸዋው እስከ ሩቅ ድረስ ተገልጧል። ዝም ብለን ወደ ውስጥ ሄድን። አየህ፣ እኛ የምናውቀው ሐይቅ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት ያየኸው ቦታ ማታም ይጠብቅሃል። ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሞምባሳ ላይ ደግሞ ኃይለኛ በሚሆንበት ሰሞን ከፍታው ከሦስት ሜትር በላይ ይለዋወጣል። ይሄን ያወቅነው በኋላ ነው። ዐሥር ጫማ ትተን ሄደን ሦስት ጫማ አገኘን። ሦስቱም የግራ ነበሩ።

ሁለተኛው ጫጉላችን ነው። ከባለቤቴ ጋር ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ አየን። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 ጀምረው በ1596 የጨረሱት ነው። ኦማኖች ከበውት ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በ1698 እጅ ገባላቸው። አስጎብኚው ይሄን ሲነግረን ሌሎቹ ጎብኚዎች «ሦስት ዓመት!» ብለው ተገረሙ። እኔ አልተገረምኩም። ባለቤቴ አንዱን መድፍ ተደግፋ የምትወደው ፎቶ እስኪወጣላት ድረስ ቆሜ አይቻለኋ። «እጄ ወፍሮ ወጣ። ድገመው።» «ዓይኔን ጨፈንኩ። ድገመው።» ምሽጉ ለምን እጅ እንደሰጠ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ለሥልጠና ነበር። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። ሆቴሉ ባሕሩ አፍንጫ ላይ ነው፤ ግን ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃው ተዘግቷል። ከሥራ ባልደረባ ጋር የሚታየው ነገር ደረሰኝ ነው። ማታ ማታ የምናወራው ስለ አበል ነው። አንድ ቀን ብቻ በመኪና ከተማ ወጣን። ሞይ ጎዳና ላይ መንገዱን አቅፈው የቆሙትን ግዙፍ የዝሆን ጥርሶች አየን። አለቃችን «እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ነው» አሉ። ከአሉሚኒየም መሠራቱን ሁላችንም እናውቃለን። «ይገርማል!» አልን።

አራተኛው ከእማዬና ከልጆቼ ጋር ነው። እሱን ሳልነግርህ አልለፍም።

እማዬ ሻንጣዋን ያሰናዳችው በፌስታል ነው። ቆሎው በፌስታል፣ ድርቆሹ በፌስታል፣ ነጠላ ጫማዋ በፌስታል፣ ባዶ ፌስታሎቹ ደግሞ በሌላ ፌስታል። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ በአንድ ሲያስወጧት «ምን አደረጋቸው?» አለች፣ ስለ ሰው የምታወራ ይመስል። ቆሎው በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ሞምባሳ ገባ።

እንግሊዝኛ አትችልምና ሙሉ ቀን ላስተረጉምላት ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። የሆቴሉ ዘበኛ ገና ሲያያት «ካሪቡ ማማ!» አላት። «እማማ እንደምባል ማን ነገረው?» ብላኝ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በራሷ ተግባባች።

ማታ የጀልባው ሰውዬ መጣና «ነገ ሳዓ ታቱ እንገናኝ» አለን። ታቱ በስዋሂሊ ሦስት ነው። እኔ የተማርኩት ሰውዬ አስረዳሁ፤ «ሦስት ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የነሱ ሦስት የኛ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው» አልኩ። እማዬ «ሦስት ሦስት ነው» አለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስቀሰቀስ ተናድጄ ተመልሼ ተኛሁ። ለካ በስዋሂሊም ሰዓት እንደኛው የሚቆጠረው ከንጋት ነው። የነሱ ሳዓ ታቱ የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እሷና ልጆቹ በመስታወት ወለል ጀልባ ዓሣ አይተው ሲመለሱ እኔ ቁርስ አልቆብኝ ቆሜያለሁ። «አንተ ግን ስንት ዓመት ነው የተማርከው?» አለችኝ።

ልጆቹን ሃለር ፓርክ ወሰድናቸው። ድሮ ለሲሚንቶ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ቦታ ነው፤ ዛፍ ተክለውበት ዛሬ ደን ሆኗል። ልጆቹ ቀጭኔ በእጃቸው አበሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከመጣው ሱናሚ በኋላ እናቱን ያጣ የጉማሬ ግልገል እዚህ አምጥተውት ከአንድ አሮጌ ኤሊ ጋር ተጣብቆ ነበር። የኤሊው ስም ምዜ ነው፤ ሽማግሌ እንደ ማለት። የሄደበት ይከተለው፣ አጠገቡ ይተኛ ነበር። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ቀስ ብላ ዞረችና «ሰማህ? ጉማሬ እንኳ ከትልቅ ሰው አይለይም» አለችኝ። በዓመት ስንት ጊዜ እንደምጠይቃት እየቆጠረች መሆኑ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

ፎርት ጂሰስ አልገባችም። «የተጣሉበትን ቦታ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። የወደደችው የሊኮኒን ጀልባ ነው። ደሴቷን ከደቡቡ ዳርቻ የሚያገናኘው ትልቅ ጀልባ ነው፤ እግረኛ አይከፍልም። «በነፃ?» አለች። «በነፃ።» ሄድን። ተመለስን። እንደገና ሄድን። እዚያ ማዶ ምንም ጉዳይ የለንም። ከነሻንጣው፣ ከነብስክሌቱ፣ ከነዶሮው የተጨናነቀው ሰው መሃል ቆማ መንግሥታቸውን ትመርቃለች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የጎብኝ መጽሐፍ አንብቤ የያዝኩት ዕቅድ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

በመጨረሻው ቀን ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስትሞላ አገኘኋት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጠበል አይደለም» አልኳት። «ማን ጠበል ነው አለህ? የጎረቤቴ ጉልበት ያማታል። ጨው አለው አይደል?» አለች። አለው። በሊትር 35 ግራም ያህል። ቁጥሩን መንገሬ ስህተት ነበር፤ አንድ ሃይላንድ ጨመረች። በፌስታል መጠቅለል ስለማይቻል በሸሚዞቼ ተጠቀለለ። አዲስ አበባ ስንደርስ ሸሚዞቼ ጨው አውጥተው በራሳቸው ይቆማሉ። የጎረቤቷ ጉልበት ግን ለቀቃት፤ እሷ ነች ያለችው።

ይሄን ሁሉ ስነግረው የአክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ ዝም ብሎ ይሰማል።

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ከአማቴ ጋር» አለ።

«እንግዲያው ሻንጣህ ውስጥ ቦታ ተው። እኛ ሰፈር ሦስት ጉልበት ወረፋ ይዟል።»