ጎጃም ለሁለት ሰው

አባቴ መሬት የሚሰጥ ሰው አይደለም። በግማሽ ሜትር አጥር ከጎረቤት ተጣልቶ፣ ሽማግሌ አልሰማም ብሎ ፍርድ ቤት የቆመ፣ ዛሬም በዚያ ሲያልፍ አጥሩን በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። አልፈርድበትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የአባቱ ኪራይ ቤት ከነሰርቪሱ በአንድ አዋጅ ሲሄድ አይቷል።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አምስት ዓመት ላልሞላት ልጄ ክፍለ ሀገር የሚያድለው።

“እንቆቅልህ!” ትላለች ጉልበቱ ላይ ወጥታ።

“ምን አውቅልሽ!”

“ቀይ ነው፣ ይጣፍጣል።”

“ሐብሐብ።”

“አይደለም!”

“እንጆሪ።”

“አይደለም!”

መልሱ ገና አልተወሰነም። እሱ የጠራውን ሁሉ ትጥልና ያልጠራው ያሸንፋል (እንዲህ ያለ ጨረታ ሌላም ቦታ ገጥሞኛል)። አባቴ ግንባሩን ይዞ ያስባል፣ ይተክዛል፣ “ኧረ ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው” ይላል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያበደረውን አሥር ብር ከነቀኑ የሚያስታውስ ሰው ከረሜላ የምትባል ነገር ጠፍታው!

“አላወቅክም! አገር ስጠኝ!”

“ጎጃምን ሰጠሁሽ።”

“ጎጃም ሄጄ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ!” ትልና ስድቡን ታስከትላለች። ስድቡን ራሷ ነው የምትገጥመው፤ ቤት ከመታ ትርጉም አትጠይቅም። “አባባ ቡዳ፣ ጢሙ ጎመን ጓዳ!” ትለዋለች። እኛ በልጅነታችን በዚህ ቤት እንኳን ቡዳ ልንለው፣ ሲያስነጥስም እንቆም ነበር። እሱ ግን በሳቅ እንባው ፈሶ “የኔ እመቤት፣ አፈር ስሆን ድገሚልኝ” ይላል።

ተራው የሱ ሲሆን ደግሞ ፈተናው የተሰረቀ ነው። “ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት?” ይላታል። ልጄ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትንሽ አሰበችና፦

“መብራት!”

“ጎበዝ!”

“አባዬ፣ ጤዛ ነው እኮ መልሱ” አልኩ።

“ጤዛ የት አይታ ታውቃለች? በረንዳሽ ላይ?” ብሎ አፈጠጠብኝ። “በር የሌለው ቤት?” ሲላትም እንቁላል ብላ አልመለሰችም። “የአክስቴ ኮንዶሚኒየም” አለች፤ ሳይጨርሱ ያስረከቧትን። እሱንም አጸደቀላት። እኔ በእሷ ዕድሜ እንቁላል ማለት አቅቶኝ ስንት አገር አስረክቤአለሁ።

አሁን ያለው ችግር የመዝገብ ነው። መዝገብ ቤቷ እናቴ ናት፤ ቡና እየቆላች ትሰማለች እንጂ ጨዋታ ውስጥ አትገባም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከምጣዱ ቀና አለችና “ሰውዬ፣ ጎጃምን እኮ ለማሙሽ ሰጥተኸዋል” አለች።

ማሙሽ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሰባት ዓመቱ። የራሱን ሰምቶ ከውጪ ሮጦ ገባ። “ጎጃም የኔ ነው!” “የኔ ነው!” ሆነ። አንድ መሬት ለሁለት ሰው መስጠት በከተማችን አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ሁለቱም ባለይዞታዎች አንድ ሶፋ ላይ ሲያለቅሱ ግን አስቸጋሪ ነው። አባቴ “ለማሙሽ ምትክ ቦታ እሰጣለሁ፣ ወሎን ውሰድ” አለ። ማሙሽ ወሎን አልፈልግም አለ። ሐረርም ቀረበለት፣ እምቢ። የሚፈልገው ቢሾፍቱን ነው፤ ባለፈው ዓመት ዋና የዋኘበትን። ቢሾፍቱ ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ የልጄ ነው።

“እማማ፣ አንቺ ንገሪው!” አለ ማሙሽ።

እናቴ ቡናውን ማማሰሏን ሳታቆም “ሲስተም የለም” አለችው። ባለፈው ሳምንት ጡረታዋን ልታወጣ ሄዳ እሷም የተባለችው ይህንኑ ነው።

ማሙሽ ሲስተም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አያቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ጉንጩን ግራና ቀኝ ሳመው። አባቴ ወደ ልጄ ሰርቆ አየና በጆሮው “ሐይቁን ብቻ ውሰድ፣ ለማንም እንዳትናገር” አለው። ልጄ ሰምታለች። እሷም ጉንጭ ፍለጋ ተነሣች።