ስለ ሦስቱ ሴት ተመራማሪዎች ቴአትር የተሰጠ ማስተካከያ

ጎንደር ውስጥ በልምምድ ላይ ስለሚገኘው ቴአትር ቀደም ሲል በወጣው ማስታወቂያ፣ ሦስቱም ዋና ገጸ ባሕርያት በታንዛኒያ ቺምፓንዚዎችን ያጠኑ ሳይንቲስቶች እንደሆኑ ተገልጾ ነበር። ይህ አገላለጽ የሚመለከተው ከ1960 ጀምሮ በጎምቤ የሠሩትን ጄን ጉዶልን ብቻ ሲሆን፣ ዳያን ፎሲ በ1967 በሩዋንዳ የካሪሶኬን የምርምር ጣቢያ መሥርተው የተራራ ጎሪላዎችን፣ ቢሩቴ ጋልዲካስ ደግሞ ከ1971 አንሥቶ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በምትገኘው የቦርኒዮ ደሴት ደን ኦራንጉታን የተባሉትን ትልልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት አጥንተዋል፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሦስቱንም ለዚህ ሥራ ያሰማሯቸው የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪው ሉዊስ ሊኪ መሆናቸው ግን በትክክል የተጻፈ ነው። በማስታወቂያው ሥዕል ላይ የሚታየው፣ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነጨ የሚበላው ደረተ ቀይ እንስሳ የስሜን ተራሮች ጭላዳ እንጂ ቺምፓንዚ አይደለም፤ ይህን የጎንደር ተመልካች ሳይነገረውም ያውቀዋል። ጭላዳ በቴአትሩ ውስጥ ስለማይነሣ ሥዕሉ ይቀየራል።