እርማት፦ ሦስት ጎማ ስላለው አይገለበጥም?

«ሳይድካር (ከሞተሩ ጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ) ያለው ሞተር ሦስት ጎማ ስላለው አይገለበጥም፤ ሞተር የነዳ ሁሉ ይነዳዋል» ብለሃል። ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ሳይድካሩ በቀኝ ከሆነ፣ ወደ ቀኝ ፈጠን ብለህ ስትታጠፍ የሳይድካሩ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጀማሪዎች ውስጡ የአሸዋ ከረጢት አስረው የሚለማመዱት ለዚህ ነው። የሞተር ልምድህማ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ያደናግርሃል! ሞተሩ መታጠፊያ ላይ አይጋደምም፤ መሪውን እንደ መኪና ወደምትሄድበት ታዞራለህ። ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ሳይድካሩ ይጎትትሃል፤ የሞተሩን ፍሬን ብቻ ስትይዝ ወደ ተቃራኒው። ስትገጥመው የሳይድካሩ ጎማ ከሞተሩ የኋላ ጎማ ትንሽ ቀደም ይበል፣ ፊቱም በጥቂቱ ወደ ሞተሩ ይዙር። ማሰሪያው ብዙውን ጊዜ በ4 ቦታ ነው።