ከጥቅምቱ ቲሸርት ግማሽ ቀን ይሻላል

ጥቅምት በመጣ ቁጥር በጡት ካንሰር ስም ሮዝ ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል። ክፋት የለውም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካለ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ የ38 ዓመት ሴት ግን በቲሸርት አትመረመርም። እሷ የምትፈልገው ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ፣ ግማሽ የሥራ ቀን ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ቀዳዳ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። የሕመም ፈቃድ ደግሞ ለታመመ ነው። ጤነኛ ሆና «እስቲ ልታይ» የምትል ሴት ከሁለቱም የለችበትም። ወይ ከዓመት ፈቃዷ ትቀንሳለች፣ ወይ አለቃዋን ትለማመጣለች፣ ወይ ትተወዋለች። መተው ደግሞ ይቀላል።

የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ውድ ነገር አይደለም። ቪአይኤ በሚባለው ዘዴ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ የአቼቶ ዘመድ ማለት ነው፣ የማህፀን በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ተጠብቆ በደህና መብራት ይታያል። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ሥራው ደቂቃዎች ነው፤ ቀኑን የሚበላው ከአዘዞ መምጣቱና ወረፋው ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠን በጀመረች ከተማ ደግሞ «የሚያይልን የለም» ማለት ያስተዛዝባል።

ነገሩ የሚበላሸው በትናንሽ ቦታ ነው። ደቂቃው ሳይሞላ ይታያል። ተበርዞ የሰነበተ አሲድ ይቀባል። የወር አበባዋን ሳይጠይቁ ቀን ይቆርጡላታል፤ መጥታ ትመለሳለች። ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ከዚያ በኋላ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን ማየት አያስተማምንም፣ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ (ኤችፒቪ) ምርመራ ይሻላል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ቀደም ብለው መጀመርና ቶሎ ቶሎ መታየት አለባቸው።

ከሁሉ የሚያናድደው የጋዙ ነገር ነው። በማቀዝቀዝ የሚያክመው መሣሪያ የሚሠራው በጋዝ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ባዶ በሆነበት ቀን 40 ሠራተኛ ጭኖ ወስዶ ማስመርመር ምን ይጠቅማል? ነጭ ምልክት የተገኘባት «ሌላ ቀን ነይ» ትባላለች፣ ሌላውን ቀን ደግሞ የሚፈቅድላት የለም። ስለዚህ ድርጅቱ ቀን ከመቁረጡ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ደውሎ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ፣ ጋዝ ይኑር አይኑር ይጠይቅ። በቀን ስድስት ሰባት ሴት ቢልክ በቂ ነው፤ ቅዳሜ ግን አይሁን፣ ገበያ ነው። ለምልክት ለተገኘባት ሁለተኛ ግማሽ ቀን ከወዲሁ ይያዝላት። ወደ መሥሪያ ቤት የሚመለሰው ወረቀት «ተገኝታለች» ከማለት አይለፍ። የአንዷ ውጤት አለቃ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይመጣም።

ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት በኅብረት ስምምነቱ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል። ማኅበር በሌለበት፣ በተለይ በትናንሽ ሆቴሎችና ሱቆች፣ ጉዳዩ የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ከተማ አስተዳደሩ ሊገፋ የሚገባውም እዚያ ነው።

ታማ ለተገኘችው ደግሞ ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። አዋጁ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ኬሞቴራፒ በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ዙር ቢታዘዝላት 24 ሳምንት ነው። በተከታታይ ፈቃድ ካስወጧት ሕክምናው መሀል ላይ ደመወዟ ይቆማል። ሕጉ ግን ፈቃዱ ተቆራርጦ እንዲወሰድም ይፈቅዳል። ጉልበቷ ፈቅዶላት በየዙሩ ለምሳሌ አምስት ቀን ብቻ ብታርፍ 40 ቀን ይሆናል፦ 30ው በሙሉ፣ 10ሩ በግማሽ ክፍያ። እንቅፋቱ የፈቃድ ቅጹ ነው፤ «ከ… እስከ…» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለው ስምንት መስመር ይጨመርበት።